ያሰራችሁት ውሻና የተዋችሁት መደብ

ልጆቼ፣ ይህን ያስጻፈኝ ባለፈው ሳምንት አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ውስጥ በአንድ ግቢ ያየሁት ነገር ነው። አንድ ወጣት ትናንት የተከለው የቲማቲም ችግኝ ተነቃቅሎ፣ ሥሩ ወደ ላይ ተገልብጦ ቢያገኘው ድንጋይ አንስቶ ወደ ውሻው ሄደ። ውሻው ከማንጎ ግንድ ጋር በአጭር ገመድ ታስሮ ነው የሚውለው። ገመዱ እስከሚደርስበት ድረስ መሬቱ ተልጦ አውድማ መስሏል፤ አንድ ዘለላ ሣር የለበትም። የውሃ ጣሳው ተገልብጦ ደርቋል። ማታ ለጥቂት ጊዜ ሲፈታ የቀን ሙሉ ጉልበቱን የሚያወጣበት ቢያጣ ዘሎ መደቡ ላይ ወጣ። እጁን ይዤ ድንጋዩን አስጣልሁት። ወጣቱ ግን፣ «አባባ፣ ይሄ ውሻ እያለ አትክልት አይታሰብም፤ ጎመን እንደሆነ ሲቀላ ገበያ ሞልቷል» ብሎኝ ገባ።

ችግኙስ ይተካል። ያንገበገበኝ ገመዱ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ልብ ብዬ ስመለከት በየግቢው ይኸው ነው፤ ውሻው ታስሯል፣ ጓሮው አረም ወርሶታል፣ ጥፋቱ ግን በውሻው ተላክኳል። እግዚአብሔር አዳምን በገነት ሲያኖረው ሁለት ሥራ ሰጥቶታል፤ እንዲያለማትና እንዲጠብቃት። እናንተ ማልማቱን ለገበያ ሴቶች፣ መጠበቁን ለታሰረ ውሻ ትታችሁ ትተኛላችሁ። የታሰረ ውሻ ምን ይጠብቃል? ሴቻ እኮ የተቀመጠችው ከጫካው በላይ፣ አፋፍ ላይ ነው። ዝንጀሮና ጦጣ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ከርከሮም ሌሊት አጥር ይፈትሻል። ዝንጀሮ ገመዱ የት ድረስ እንደሚደርስ ከእናንተ ይልቅ ያውቃል።

እኔ ያደግሁት ላይ ጨንቻ፣ እንሰት መሐል ነው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ጃርትና ፍልፈል ግን የአንዱን ሥር በአንድ ሌሊት ይጨርሱታል። አባቴ ሳይነጋ ይነሣና ጋቢውን ተከናንቦ አጥሩን ይዞራል። ውሻችን ከፊት ከፊቱ፣ አፍንጫው መሬት ላይ። የቆመበት ቦታ አባቴም ይቆማል፤ ጎንበስ ብሎ አዲስ የተቆፈረውን አፈር በእጁ ይዳስሳል፣ ጉድጓዱን በድንጋይ ይደፍናል። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ያን ዙረት ለእኔ ሰጠኝ። ጓሮ መዞርን ያስተማረኝ አባቴ ይሁን ውሻው ዛሬም ለይቼ መናገር አልችልም። ቁርስ ሲቀርብ አባቴ ከቆጮው ቆርሶ መጀመሪያ ለውሻው ይወረውርለት ነበር። ሲሞት በእንሰት ቅጠል ሸፍኖ ከጓሮው ጫፍ ቀበረው። ጎረቤት፣ «ለውሻ ጉድጓድ ይማሳል ወይ?» ቢል አልመለሰለትም፤ አፈሩን በእግሩ ጠቅጥቆ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ውሻ ቤተ ክርስቲያን እንደማይገባ አውቃለሁ። ነገር ግን የጦቢት ልጅ ከመልአኩ ጋር ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው አብሮት እንደሄደ በመጽሐፈ ጦቢት ተጽፎልናል። ለእንስሳ ማዘንም የጻድቅ ሰው ጠባይ ነው ተብለን አድገናል።

አሁን ጊዜው ሰኔ ነው። የሰሜኑ ሰው ክረምት ገባ ሲል የአርባ ምንጭ ዋናው ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ወርዶ አልፏል፤ አፈሩ ግን እርጥበቱን ገና አልጨረሰም። አራት አምስት ሳምንት የሆነው የቲማቲም ችግኝ የሚዛወረው አሁን ነው፤ ፀሐይ ከበረደች በኋላ፣ ወደ ማታ። በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፣ በመስመርና በመስመር መካከል 1 ሜትር ተዉ። «አንድ ሜትር ሙሉ ባዶ?» ትሉኛላችሁ። ያ መሬት አይባክንም፤ እናንተም ውሻውም የምትሄዱበት መንገድ ነው። ውሻ መንገድ ከለመደ መንገዱን ይዞ ይሮጣል። በአጥሩ ዙሪያም አንድ ጠባብ መንገድ ተዉለት። ውሃ ጠዋትና ማታ አጠጡ፤ ቀትር ላይ ማፍሰስ ድካም ብቻ ነው። ሥሩን በገለባ ጎዝጉዙ።

ውሻ መደብ የሚቆፍረው ክፋት ኖሮት አይደለም። አዲስ የተቆፈረና ውሃ የጠጣ አፈር ቀዝቃዛ ነው፤ የቆላ ሙቀት ያቃጠለው ውሻ ሆዱን ሊያሳርፍበት ይፈልጋል። ያልበሰለ ፍግ ካለበት ደግሞ ሽታው ይጠራዋል። ስለዚህ ከማንጎው ጥላ ሥር የራሱን ጉድጓድ ቆፍሩለት፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ጆግ ውሃ ርጩበት፤ መደቡ ላይ ችግኙ ሥር እስኪይዝ ድረስ የእሾህ ጭራሮ ጣል አድርጉ። ሽንኩርት የበዛበት ወጥ አትስጡት፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻል። በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡት። ሰው ከነከሰም ቁስሉን 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ወደ ገመዱ ልመለስ፤ አልወጣልኝም። ፍቱት ስል መንገድ ላይ ልቀቁት ማለቴ አይደለም። በራችሁን ዝጉ፣ አጥራችሁን አጥብቁ፣ ከዚያ ፍቱት። አጥር ማጠር ስለከበዳችሁ ነው ገመድ የገዛችሁት፤ እውነቱ ይኸው ነው። ጉልበት ያለው ውሻ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ከሰው ጋር ቢሄድ ቀኑን በሰላም ይውላል። ያን ግማሽ ሰዓት ግን የሚሰጠው ሰው ከአልጋው መነሣት አለበት። እናንተ ስትነሡ ፀሐይ አባያ ሐይቅ ላይ ከፍ ብላለች፤ ዝንጀሮውም ድርሻውን ወስዶ ሄዷል።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በቁጣ በወጡ ወጣቶች ፊት ሲንበረከኩ፣ ወጣቶቹ ሰምተው ተመልሰዋል። ያን ያህል የከበደውን የሰማ ትውልድ ይህችን ትንሽ ነገር እንዴት እምቢ ይለኛል?

ነገ ሳይነጋ ተነሡ፣ ገመዱን ፍቱ፣ አጥሩን አብራችሁ ዙሩ። በዚህ ሳምንት የተዛወረ ቲማቲም ለመስቀል ይደርሳል።