የተራበ ሥር ጥሪ

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ዋጃ፣ በምዕራብ ደጋውን፣ በምሥራቅ የዞብልን ተራሮች እያየች በራያ ቆላ የተቀመጠች ስትሆን፣ ማሽላዋን የሚያበቅለው ከራሷ ሰማይ የሚወርደው ጥቂት ዝናብ ብቻ ሳይሆን፣ የደጋውን አፈር ጠርጎ የሚመጣው ጎርፍም ጭምር ነው፤ ገበሬው ይህን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ሲያስገባ የላይኛው አገር ኪሳራ ለታችኛው ሲሳይ ይሆናል። ፍጡር ያለ ፍጡር እንደማይኖር ለመረዳት ከዚህ የቀረበ ምስክር አያሻም፤ ነገር ግን ይኸው ሜዳ፣ መተሳሰር ሁልጊዜ በጎ ነውን? የሚል ከባድ ጥያቄም ያስነሣል።

ጥያቄውን የሚያስነሣው አቀንጭራ ነው። ሐምራዊ አበባው ለዓይን ያማረ፣ ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ይህ አረም፣ ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ ውሃውንና ምግቡን ይመጠምጣል፤ ከመሬት ብቅ ሲልም አብዛኛው ጉዳት አስቀድሞ ተፈጽሟል። አንዱ ተክል ዘሩን በአሥር ሺሕ እየቆጠረ ይበትናል፤ ዘሩም ከአሥር ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። አዝርዕትን በዕለተ ሠሉስ ያስገኘ አምላክ ይህን ስለ ምን ፈቀደ? አባቶች እሾህና አሜከላ ከአዳም በደል በኋላ መምጣቱን ጠቅሰው ይመልሳሉ፤ እኔም መልሱን እቀበላለሁ፤ ሆኖም በደሉ በዛሬው ማሳ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ መመርመር ከሃይማኖት የሚያርቅ አይመስለኝም።

የማሽላ ሥር ምግብ ሲያጥረው፣ ይልቁንም ፎስፎረስ ሲጎድለው፣ ረቂቅ ንጥረ ነገር ወደ አፈሩ ያመነጫል። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. እንደገለጹት፣ እንዲህ ያለው ንጥረ ነገር ከሥር ጋር ተባብረው የሚኖሩትን፣ ማዕድን አቀብለው ስኳር የሚቀበሉትን ፈንገሶች የሚጠራ ነው። አቀንጭራም ለዓመታት ተኝቶ የሚጠብቀው ይህንኑ ጥሪ ነው፤ ለወዳጅ የተላከውን መልእክት ጠላት ሰምቶ ይነቃል።

ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ስለ ስድስቱ ዕለታት በሰበከው ስብከት፣ ክፋት ራሱን የቻለ ባሕርይ እንደሌለው አስተምሯል። ይህን ትምህርት ይዤ ማሳውን ስመለከት፣ ጥሪው በጎ ነው፣ የአቀንጭራውም ረኃብ የፍጡር ረኃብ ነው፤ ጥፋቱ የሚበረታው ግን መሬቱ በደኸየበት ነው፤ የተራበ ሥር አብዝቶ ይጣራልና። መሬቱን ያደኸየው ማን ነው? ማሽላ በማሽላ ላይ ከዓመት ዓመት ይዘራል፤ አገዳው ለከብትና ለማገዶ ይሄዳል፤ ወደ ማሳ መመለስ የሚገባው እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል። ይህን የምለው ገበሬውን ለመክሰስ አይደለም፤ ዛፉ ባለቀበት አገር ለልጆቿ እራት ለማብሰል ኩበት የምታነድ እናት በደለኛ ልትባል አይገባም፤ ደኑን ጨርሰን ለእርሷ ኩበት ብቻ ያስቀረንላት የብዙ ትውልድ ሰዎች ነን።

ወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ፣ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። በአገራችን ለገበሬ ከተሰጡት ከእነዚህ ዝርያዎች አንዱ «ጎብዬ» ይባላል፤ ስሙም ከቆቦ በስተደቡብ ካለችው ከተማ ስም ጋር አንድ ነው። እጅግ የሚያስደንቀኝ ኋላ የታወቀው ነገር ነው፤ የዚህ ወገን ማሽላ ሥር መጣራቱን አላቆመም፤ የጥሪውን መልክ ብቻ ለውጦ፣ ፈንገሱ የሚያውቀው፣ አቀንጭራው ግን እምብዛም የማይነቃበት አድርጎታል።

ዝርያው ያልደረሰው ገበሬ ግን በእጁ ይነቅላል። በወንጌል የተነገረው ባለቤት ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል እንክርዳዱን እስከ መከር ተዉት ቢልም፣ ያ ስለ ሰዎች ፍርድ የተነገረ ምሳሌ ነው፤ አቀንጭራ እስከ መከር ከቆየ ዘሩን ይበትናል፣ ጎርፉም ከደለሉ ጋር ወደ ጎረቤት ማሳ ያወርደዋል። ስለዚህ አበባው ዘር ሳይቋጥር መነቀል አለበት፤ የነቃዩም ድካም ለዘንድሮው ማሽላ እምብዛም አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው በሚመጡት ዓመታት በዚያ መሬት ለሚዘራው፣ ልጁም ይሁን የእኩል አራሹ፣ ለእርሱ ነው።