የጄት አምሳያና የኢያሱ ግምብ

የጦር ጄት አምሳያ እየገጣጠመ የሚያበጅ ሰው ትጋቱ ያስመሰግነዋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ለኢትዮጵያ የተዋጋው ኤፍ 5 ርዝመቱ ከ14 ሜትር ይበልጣል፤ 72 ጊዜ ሲያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ቦምቡ እንኳ በልኩ ይሠራለታል፤ ቦምቡ የሚወድቅበት ቤት ግን ከሣጥኑ ውስጥ የለም።

ታዲያ ሥራው ኃጢአት ነውን? አይደለም፤ የእጅ ሙያ ምን ይነቀፋል? የሚነቀፈው የክንፉን ችንካር ቈጥሮ፥ ከክንፉ በታች ማን እንደ ነበረ አለመጠየቅ ነው። ጐንደር ላይ ይህን መጠየቅ አይቸግርም። ኢጣልያኖች በኅዳር 1934 ዓ.ም. ድል ከመነሣታቸው አስቀድሞ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከተማይቱን ሲደበድቡ (ጄቶች አልነበሩም፤ ለተመታው ግን ልዩነት የለውም) ቀድሞ የመሬት መንቀጥቀጥ የነካው የቀዳማዊ ኢያሱ ግምብ ዳግመኛ ተጐዳ፤ ለብዙ ዘመንም ያለ ጣራ ቆሞ ኖረ።