ከመንገድሽ በፊት ሒሳብሽን

ልጄ፣ አዲስ አበባን ለማየት መነሳትሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ከደሴ ወጣ ብለሽ አገር ማየትሽ ጥሩ ነው። ከደመወዝሽ ቆጥበሽ መሄድሽ ደግሞ ይበልጥ ያስመሰግንሻል። የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስንት ብር እንደያዝሽ ታውቂያለሽ፤ በምን ደረጃ እንደምትሰነብቺ ግን ገና አልወሰንሽም። እሱን እዚሁ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ወስኚ። እዚያ ከደረስሽ በኋላ ለመወሰን ጊዜ አታገኚም።

እስቲ ወረቀትና እስክሪብቶ አንሺ። 20,000 ብር አለሽ እንበል። መጀመሪያ የመመለሻሽንና ለክፉ ቀን የሚሆነውን 5,000 ብር ለይተሽ አስቀምጪ። ባንክም ይሁን ቴሌብር፣ ከዕለት ወጪሽ ጋር አይደባለቅ። የቀረው 15,000 ለአምስት ቀን ሲካፈል በቀን 3,000 ነው። አልጋው ከዚህ ላይ ግማሹን ካለፈ ለአቅምሽ በዛ ማለት ነው፤ ዝቅ ያለውን ፈልጊ። ዋጋውንም ቀደም ሲል ከሄደ ሰው አትጠይቂ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በዚሁ ሳምንት ስልክ ደውለሽ አጣሪ።

ዘመድ ቤት አርፋለሁ ካልሽ መልካም ነው። ግን ወጪ የለውም ብለሽ አታስቢ። ባዶ እጅ አይገባም፤ ቡናውም፣ ማሩም፣ ለልጆቹ የሚሆነውም አለ። የምትችዪውን ከዚሁ ይዘሽ ሂጂ። ደግሞም ዛሬ ብዙዎቹ ዘመዶቻችን ያሉት መሀል ከተማ አይደለም። የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከዚያ ፒያሳ ለመድረስ ታክሲ መቀያየር አለ። ጠዋት ሰልፍ ነው፤ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላም ሰልፍ ነው። ሲሰለችሽ «ለዛሬ ብቻ» ብለሽ ራይድ ትጠሪያለሽ። ያ «ለዛሬ ብቻ» ሲደጋገም፣ ለአልጋ ያላወጣሽውን ገንዘብ ታክሲ ይወስደዋል።

መካከለኛ አቅም ላላት እንዳንቺ ላለች ልጅ፣ መሀል ከተማ ያለ ንጹሕ ፔንሲዮን ይሻላል ባይ ነኝ። ከመናኸሪያ ስትወጪ «አልጋ ፈልገሻል?» የሚልሽን ደላላ አትከተዪ፤ የእሱም ድርሻ ካንቺው ኪስ ነው የሚወጣው። ክፍሉን ሳታዪ አትክፈዪ። ቧንቧውን ክፈቺው፤ ውኃ አለ? በሩን ከውስጥ ቆልፊው፤ ይይዛል? ሴት ልጅ ነሽና ለደህና በር ትንሽ ብትጨምሪ አይቆጭሽም።

አራት ኪሎ አካባቢ ካረፍሽ ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን ያለታክሲ ይሞላልሻል። ድንቅነሽ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም እዚያው ቅርብ ነው፤ ለአገር ሰው መግቢያው ብዙ አይደለም። ከዚያ በእግርሽ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ትገቢያለሽ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለው በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤት ሳይቀር ታዪያለሽ። መታወቂያሽን እንዳትረሺ።

አቅሙ ኖሮሽ ሆቴል ብታርፊም ነውር የለውም። ብቻ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ የመጨረሻ እንዳይመስልሽ። ብዙ ቦታ 10 በመቶ የአገልግሎት፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከልበታል። 1,000 ብር ያልሽው ምሳ 1,265 ይሆናል። «ታክሱን ይጨምራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

ከሁሉ የምፈራልሽ ግን ይሉኝታን ነው። የትምህርት ቤት ጓደኞችሽ ቦሌ ይጠሩሻል። ቡና ተብሎ ይጀመራል፤ እራት ይሆናል። ሒሳቡ ሲመጣ «እኔ ልክፈል፣ በሞቴ» መባባሉ አይቀርም። አንቺም ቆንቋና እንዳልባል ብለሽ የሁለት ቀን ወጪሽን ባንድ ጊዜ ትከፍያለሽ። ማንም አላስገደደሽም። ይሉኝታው ነው ያስገደደሽ። ስንቱን ወጣት አይቻለሁ፤ ሁለት ቀን እንደ ሀብታም ሰንብቶ በሦስተኛው ቀን «ትንሽ ላኩልኝ» እያለ ይደውላል። ከተመለሰም በኋላ ብድሩ ለወራት ደመወዙን ይበላዋል። ልጄ፣ መጋበዝ ደግ ነው፤ እንድትሰስቺ አልፈልግም። ግን በምትችዪው ጋብዢ። ቀድመሽ ደውይና «ማኪያቶ እኔ ልጋብዛችሁ» በይ፤ ቦታውንም አንቺ ምረጪ። እራት ሲሉሽ «ዛሬ አይመቸኝም» ብትዪ የሚቀየምሽ ጓደኛ የለም።

ማታ ማታ ከመተኛትሽ በፊት የዕለቱን ወጪ ጻፊ። ለታክሲ የሰጠሻትን ሳንቲም ሳይቀር ጻፊ። ከ3,000 ካለፈ የነገውን ቀንሺ፤ ትችያለሽ፣ እዚህ ስትቆጥቢ አይቼሻለሁ። የመመለሻ ትኬትሽን በደረስሽ ማግስት ቁረጪ። በዓል ከቀረበማ ጨርሶ አታቆዪው፤ ያኔ ትኬት እንደልብ አይገኝም። ለእናትሽ ከሽሮ ሜዳ ነጠላ ለመግዛት ማሰብሽንም ሰምቻለሁ። እሱን ለመጨረሻው ቀን አቆዪውና ከዕለት ወጪሽ በተረፈው ግዢ። ለይተሽ ያስቀመጥሻትን 5,000 ብር ግን ለነጠላም ቢሆን እንዳትነኪያት።