«መለያው ተናገረ» ስንል

መልስ አልሰጥም ማለት የማይችል ነገር መልስ ሰጠ ይባላል ወይ?

ጥያቄው ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ቺፕ አልባ ከሚባለው የሬዲዮ መለያ የመጣ ነው። ይህ መለያ ባትሪ የለው፣ ቺፕ የለው፤ ወረቀት ወይም ፕላስቲክ ላይ የታተሙ ጥቂት የብረት ቅርጾች ናቸው። እያንዳንዱ ቅርጽ በየራሱ ድግግሞሽ ይርገበገባል። አንባቢው መሣሪያ ሞገድ ይልካል፤ ከሚመለሰው ውስጥ በታወቀው ድግግሞሽ ላይ የቅርጹ አሻራ ካለ «1»፣ ከሌለ «0» ይጽፋል።

ችግሩ፣ የሚመለሰው የመለያው ብቻ አይደለም። ግድግዳው፣ ጠረጴዛው፣ የያዘው ሰው እጅ፣ ሁሉም ያስተጋባሉ፤ የነሱ ገደል ማሚቶ ደግሞ ከመለያው ይልቅ ይጮኻል። ስለዚህ አንባቢው አስቀድሞ መለያ የሌለበትን ክፍል አዳምጦ ይመዘግባል፤ ኋላ ከሚሰማው ሁሉ ላይ ያንን ይቀንሳል። ከቀረውም ቀድሞ የሚደርሰውን ትልቅ ነጸብራቅ ቆርጦ ይጥላል፤ እሱ የመለያውን አካል እንጂ ማንነቱን አይናገርምና። ቁጥሩ የሚለቀመው እየሞተ ከሚሄደው ጭራ ላይ ነው። በመሀል አንድ ሰው ወንበር ያንቀሳቀሰ እንደሆነ ግን የተመዘገበው «ባዶ» የዛሬው ባዶ መሆኑ ይቀራል፤ ወንበሩም ከመለያው ጋር ተደባልቆ ይነበባል።

ታዲያ «1» ነው «0» ነው ያለው ማን ነው? መለያው? ኧረ የት አውቆ! ከዚህ በላይ ከሆነ «አለ»፣ ከዚህ በታች ከሆነ «የለም» የሚለውን ወሰን የተከለው ሰው ነው። ወሰኑን ዝቅ ቢያደርገው መሣሪያው ኮሽ ባለ ቁጥር «አለ» ይላል፤ ከፍ ቢያደርገው ያለውን ይክዳል። ምልክቱ ራሱ ካልጠራ በቀር አንዱን ስሕተት ሲገፉት ሌላው ይመጣል። የቱ ስሕተት ይሻላል የሚለውን ሒሳብ ብቻውን አይመልሰውም።

በየሱቁ ዕቃ ላይ የሚለጠፈው፣ በ8.2 ሜጋኸርዝ የሚርገበገበው የሌባ መከላከያ የዚሁ መለያ ዘመድ ነው፤ የሚያውቀው ቃል «አለሁ» የሚል ብቻ ነው። ያልሰረቀ ሰው በር ላይ ሲያዝ ዘበኛው «መሣሪያው ነው የጮኸው» ይላል። መሐንዲሱ ወሰኑን ተክሎ ቤቱ ገብቷል። ኀፍረቱን የሚሸከመው ያ ሰው ነው።

ጠያቂውስ ማን ነው? ቺፕ ያለው መለያ የይለፍ ቃል ሊጠይቅ፣ በትእዛዝም ለዘለዓለም ዝም እንዲል ሊደረግ ይችላል። ቺፕ አልባው ግን ካልተበላሸ ወይም ካልተሸፈነ በቀር ለጠየቀው ሁሉ ይመልሳል፤ ወዳጅና ጠላት አይለይም። በ1945 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ላይ ለአሜሪካው አምባሳደር ከእንጨት የተቀረጸ አርማ ተበረከተለት። በውስጡ ሊዮን ቴርሜን የሠራው ባትሪ አልባ ዕቃ ነበረ፤ ከውጭ ሞገድ ሲላክበት የክፍሉን ንግግር ይዞ ይመለሳል። እስከ 1952 ድረስ አልተገኘም። እንጨቱን ሰላይ ነው ብሎ የሚከስ አለ?

እኔ በበኩሌ የንባቡ ውጤት ብቻውን እንዲመዘገብ አልፈልግም፤ ምን እንደተቀነሰ፣ ወሰኑ የት እንደነበረ፣ ማን እንደተከለው አብሮ ይጻፍ። «ለአንድ ካርቶን ብስኩት ይህ ሁሉ?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ለብስኩቱ አይደለም፤ በር ላይ ለተያዘው ሰው ነው። እሱ «ወሰኑን አሳዩኝ» ሲል የሚያሳየው ሰው መኖር አለበት።