ማጽናኛው ለማን ነው?

ባለፈው ወር በዶርማችን ስድስት ልጆች አንድ ላፕቶፕ ከበን በሁለት ሌሊት ሁለት ፊልም አየን። ሁለት ፊልም ልበል እንጂ ታሪኩ አንድ ነው፤ ዲሬክተሩም አንድ ሰው ነው። የመጀመሪያው ሲያልቅ ትንፍሽ ያለ የለም። አንዱ ጓደኛችን ብቻ ብርድ ልብሱን ወደ ራሱ እየጎተተ «እንዲህም ተብሎ ፊልም አለ እንዴ! አሁን ምን ያስተኛኛል?» አለ። በማግስቱ ሌሊት ግን ገዳዩ በአካፋ ተመትቶ ሲወድቅ አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ አልዋሽም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጭብጨባ ጸጸት ነው ብትሉኝ አልቀየምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። (የፊልሞቹን ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥቀስ።) የኔዘርላንዱ ጆርጅ ስሉይዘር በ1988 «ስፖርሎስ» የተሰኘ ፊልም ሠራ፤ ቃሉ «ያለ ዱካ» እንደ ማለት ነው። መነሻው ቲም ክራቤ በ1984 ያሳተመው «የወርቅ እንቁላል» የተባለ አጭር ልብ ወለድ ነው። ሬክስና ሳስኪያ የሚባሉ ፍቅረኞች ለዕረፍት በመኪና ፈረንሳይ ይገባሉ። መንገድ ላይ ነዳጅ ማደያ ይቆማሉ። ሳስኪያ የሚጠጣ ነገር ልትገዛ ትሄዳለች፤ በዚያው ትቀራለች። ከዚያ በኋላ ሬክስ ሦስት ዓመት ሙሉ ፎቶግራፏን በየግድግዳው እየለጠፈ ይፈልጋታል። ሌላ ወዳጅ ቢይዝም ልቡ ከማደያው አልተነሳምና እሷም ትታው ትሄዳለች።

ጠላፊው ታዲያ ቀንድ ያበቀለ ጭራቅ አይደለም። ሬይሞን ለሞርን የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ሚስት አለው፤ የሁለት ሴቶች ልጆች አባት ነው። አንድ ቀን ውኃ የገባች ሕፃን ዘሎ ያወጣል። ልጆቹ በአባታቸው ይኮራሉ። እሱ ግን «በጎውን እንዲህ ከቻልኩ ክፉውንስ እችለው ይሆን?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ከዚያማ የልብ ምቱን እየቆጠረ፣ ሰዓቱን እየመዘገበ፣ ልክ እንደ ቤተ ሙከራ ሥራ ክፋቱን ይለማመዳል። በመጨረሻ ራሱ ሬክስ ፊት ቀርቦ እንዲህ ያለ ውል ያቀርባል፦ እሷ የደረሰባትን ማወቅ ከፈለግህ እሷ ያለፈችበትን እለፍ፤ ይህን ማደንዘዣ ያለበት ቡና ጠጣ። ሬክስ ያመነታል፤ ይጠጣል። ሲነቃ ከመሬት በታች፣ በሬሳ ሣጥን ውስጥ ነው። አወቀ፤ አለቀ። መምህሩ ከቤተሰቡ ጋር በገጠር ቤቱ ተቀምጦ ይታያል።

አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1993፣ ያው ስሉይዘር ታሪኩን ለሆሊውድ እንደገና ሠራው። መምህሩ ጄፍ ብሪጅስ፣ ፈላጊው ኪፈር ሰዘርላንድ፣ የጠፋችው ሳንድራ ቡሎክ ሆኑ። እዚህም ቡናው ይጠጣል፤ እዚህም ሰውየው ከነሕይወቱ ይቀበራል። ነገር ግን አዲሲቱ ወዳጁ ሪታ እየሮጠች ትደርሳለች፤ መሬቱ ይቆፈራል፤ ገዳዩ በአካፋ ይሞታል። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ታሪካቸውን በመጽሐፍ መልክ ለአሳታሚ ሲሸጡ እናያለን።

ጭብጨባችን ካለቀ በኋላ መብራት አጥፍተን ተኛን። እኔ አንድ ነገር ከነከነኝና በጨለማው «የጠፋችው ልጅ ስም ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። ከስድስታችን አንድም ያስታወሰ አልነበረም! ሪታን ሁሉም ያውቃታል። የትናንትናዋን የሳስኪያን ስምም ሁሉም ያውቃል። የዛሬዋን ግን፣ ለሦስት ዓመት የተፈለገችውን፣ ለእሷ ሲባል ሰው የተቀበረላትን፣ ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ረሳናት። ስሟ ዳያን ነበር። በነጋታው ፈልጌ አገኘሁት።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። መጨረሻው ሲቀየር የተቀየረው መጨረሻው ብቻ አይደለም፤ ጥያቄው ራሱ ተቀይሯል። የመጀመሪያው ፊልም «እውነትን ለማወቅ ስንት ትከፍላለህ?» ይለናል። ሁለተኛው «ያመልጣል ወይስ አያመልጥም?» ይለናል። ሰውየው ካመለጠ ሒሳቡ ተዘጋ፤ ሁላችንም በሰላም ወደ አልጋችን። የሞተችው ግን ሞታለች እኮ! መዳኑ የእሱ ነው፤ የእሷን ሞት ግን ሸፍኖ አለፈው።

ይህ የአንድ ፊልም ጉድለት ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። የኖርዌዩ ኤሪክ ሾልድቢያርግ በ1997 የሠራው «ኢንሶምኒያ» ነፍሰ ገዳይ ሲያሳድድ በጉም ውስጥ የሥራ ባልደረባውን ተኩሶ ስለገደለ መርማሪ ነው። ሰውየው ጥፋቱን ይሸፍናል፤ እውነቱን የደረሰችበት ፖሊስ እያወቀች ትለቀዋለች፤ ነጻ ሆኖ ኅሊናውን ተሸክሞ ይሄዳል። ክሪስቶፈር ኖላን በ2002 ወደ አላስካ ወስዶ ሲሠራው መርማሪው አል ፓቺኖ ነው፤ እሱ ይናዘዛል፤ ይሞታልም። ግሩም ፊልም ነው፤ አላጣጥለውም። ነገር ግን ዕዳው ተከፈለ። የመጀመሪያው ዕዳውን ለእኛ አውርሶን ነበር።

በቅርቡም ያው ነው። በ2022 የዴንማርኩ ክርስቲያን ታፍድሩፕ «እንግዶቹ» የሚል ፊልም ሠራ። አንድ የዴንማርክ ቤተሰብ ለዕረፍት በሄደበት የተዋወቃቸው ሰዎች ቤት ይጋበዛል። ነገሩ ደስ እንደማይል ያያሉ፤ ግን ይሉኝታ ይዟቸው ጨክነው አይሄዱም። በስተመጨረሻ «ለምን ይህን ታደርጉብናላችሁ?» ሲሉ የሚያገኙት መልስ «ስለፈቀዳችሁልን» የሚል ነው፤ ወላጆቹ ይገደላሉ። በ2024 እንግሊዛዊው ጄምስ ዋትኪንስ ለአሜሪካ ኩባንያ እንደገና ሲሠራው ቤተሰቡ ታግሎ ያመልጣል። አመለጡና ስለ ይሉኝታ የተነሣው ጥያቄ እዚያው ቤት ቀረ።

እዚህ ላይ «አውሮፓ ጥልቅ ነው፣ አሜሪካ ጥልቀት የለውም» ብዬ ልደምድም ብል ደስ ባለኝ፤ ለክርክርም ያመቻል። ግን ሐሰት ነው። የኦስትሪያው ሚካኤል ሃነከ የ1997 ፊልሙን «ፈኒ ጌምስን» በ2007 በአሜሪካ ራሱ ሲደግመው ትዕይንት በትዕይንት እንዳለ ነው የገለበጠው፤ መጨረሻውን አልነካውም። በዚያ ፊልም አንዲት ታጋች ሴት ጠመንጃ ነጥቃ አንዱን ጨካኝ ትገድለዋለች። ልባችን ሊፈነድቅ ሲል ሌላው ጨካኝ ሪሞት ኮንትሮሉን አንስቶ ፊልሙን ወደ ኋላ ያጠነጥነውና ሟቹ ተነሥቶ ይቆማል! ሃነከ የቀማን ያን እኛ ያጨበጨብንለትን አካፋ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የአህጉር አይደለም። ጉዳዩ የተመልካቹና የሠሪው ውል ነው።

ብርድ ልብሱን የጎተተው ጓደኛዬ ግን በቀላሉ አልለቀቀኝም። «ስማ፣» አለኝ፣ «ሰው ኑሮው ራሱ በቂ ሐዘን አለው። ሁለት ሰዓት ቢጽናና ምን ትጎዳለህ? ደግሞስ ሰውን ማሳዘን መች እውነት መናገር ሆነ?» መልስ አጣሁ። ልክ ነዋ! ክፉ መጨረሻ ሁሉ እውነት አይደለም፤ ሰውን ለማስደንገጥ ብቻ ደም የሚያፈስ ፊልም ሞልቷል። ከዚህም በላይ ሬክስ ራሱ የሚለው አንድ ነገር አለ። አንዳንዴ ሳስኪያ ሩቅ አገር በሕይወት ኖራ፣ ደስ ብሏት ይታየዋል። ያኔ መምረጥ አለበት፤ እሷ ትኑርና እሱ ምንም ሳያውቅ ይቅር፣ ወይስ እሷ ትሙትና እሱ ይወቅ? እንድትሞት እመርጣለሁ ይላል። እንግዲህ ይህ ፍቅር ነው? ለማወቅ ያለው ጥማት የሚፈልጋትን ሴት በልቷታል። እውነትም እንደ ሐሰቱ ሁሉ ለባለቤቱ ብቻ የሚጠቅም ጊዜ አለው ማለት ነው።

ስለዚህ «ሐዘን ወይስ ደስታ?» የሚለውን ጥያቄ ትቼ ሌላ ጥያቄ ያዝኩ፦ ማጽናኛው ለማን ነው? ይህን ስጠይቅ ፊልሙን ረስቼ ሰፈራችን ገባሁ።

ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት አሉ፤ ስማቸውን ልተወው። ልጃቸው በ2007 ዓ.ም. በመተማ በኩል ወጣ። ከሱዳን አንድ ጊዜ ደወለ፤ ወደ ሊቢያ ልንነሣ ነው አለ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። እናትየው ሌማቱ ላይ ለእሱ አንድ እንጀራ ሳያስቀሩ አይተኙም ነበር። አራት ዓመት እንዲህ ሆነ። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ጎረቤት መከረና «ሴትዮዋ ሊያልቁብን ነው፤ አንድ ነገር እንበላቸው» ተባለ። ፊደል ስለማይለዩ እኔ ተመረጥሁ። ስልኬን ይዤ ገባሁና መልእክት የመጣ አስመስዬ አነበብሁላቸው፦ እማዬ ደህና ነኝ፤ ጣሊያን ገብቻለሁ፤ ወረቀት እስኪወጣልኝ ነው ዝም ያልኩት። እልል አሉ። ግንባሬን ሳሙኝ። ቡና ተፈላ፤ ጠጣሁ።

ያን ቀን መልካም የሠራሁ መስሎኝ ነበር። አሁን የማስታውሰው ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ወደ ቤታቸው የሚዘልቅ ሰው ቀነሰ። አጽናንተናቸዋላ! ስለ ልጁ የሚያነሣ ጠፋ፤ «ጣሊያን ነው» ተባለ፣ ተዘጋ። እንጀራውን ግን እስከ ዛሬ ያስቀምጣሉ፤ እናቴ ነግራኛለች። እኛ እንጂ እሳቸው አላረፉም። ዳያንን በግማሽ ሰዓት እንደረሳናት ያን ልጅ በአንድ ስኒ ቡና ረሳነው። እንግዲህ ማጽናኛው ለማን ኖሯል? ከአጠገባቸው መቀመጥ ለከበደን ለእኛ!

የአገራችን ሰው ለዚህ ነገር ሥርዓት ነበረው። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ነው። እውነቱ አይደበቅም፤ ሰውየውም ብቻውን አይቀበለውም። ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አስቀድሞ በሩ ላይ ቆሟል። ከዚያ እርሙን ያወጣል። በሁለቱ ፊልሞች መካከል የጎደለው ይህ መሰለኝ። ለሞርን ለሬክስ እውነቱን ሰጠው፤ ግን ብቻውን፣ በጨለማ፣ በሣጥን ውስጥ። ሁለተኛው ፊልም ሰው ሰጠን፤ የምትቆፍር፣ የምታድን ሰው፤ ግን እውነቱን ወሰደብን። እውነቱን ከነሰዉ የሰጠን የለም።

«አንተ ግን የልጁን መሞት አታውቅም፤ ምን መርዶ ትነግራለህ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መልእክቱ የእኔ መሆኑን። ለክረምት ቤት ስገባ ከእናቴና ከሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ጋር በማለዳ ሄጄ ልነግራቸው አስቤያለሁ፦ ያነበብሁት ሐሰት ነበር፤ የት እንዳለ አናውቅም። ምናልባት ግንባሬን የሳሙበት አፍ ይረግመኝ ይሆናል። ምናልባትም ይህ ሁሉ እንደ ሬክስ የራሴን ሸክም ለማራገፍ ይሆናል፤ ይህን ፍርሃቴን አልደብቃችሁም። ነገር ግን አንድ ምልክት ይዣለሁ። ነግሬያቸው ቀለለኝ ብዬ ከወጣሁ ሁለተኛ ማታለሌ ነው። ነግሬያቸው በማግስቱም በሣልስቱም ከተመለስሁ፣ የልጃቸውን ስም እየጠራን አብረን ከተቀመጥን፣ ያኔ ምናልባት ነገሩ ለእሳቸው ነበር።

ጓደኛዬ ይህን አንብቦ «ተዋቸው፤ እንጀራው አይበቃቸውም?» ብሎኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ክረምቱ ሳይገባ መልስ ያለው ይጻፍልኝ።