ዋጋና ምራቂ

በጉሊት ቆሞ አንድ እስር ጎመን ወይም አንድ መደብ ቲማቲም የገዛ ሰው፣ ዋጋውን ከፍሎ ዕቃውን በዘንቢሉ ከጨመረ በኋላ ወዲያው አይሄድም፤ «እናቴ፣ እስቲ መርቂልኝ» ይላል። ሻጪቱም ጥቂት ካንገራገረች በኋላ ሁለት ቃሪያ ወይም አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ታክልለትና «በል ይበቃሃል፣ ልጄ» ብላ ትሸኘዋለች። ይህ ከዋጋው በላይ የሚጨመረው ነገር በቋንቋችን ምራቂ ይባላል። ካህን መስቀሉን ዘርግቶ፣ አባትም በልጁ ራስ ላይ እጁን ጭኖ የሚናገረውን መልካም ቃል ደግሞ ምርቃት እንለዋለን፤ ሁለቱንም የምንጠራቸው መረቀ በሚል በአንድ ግሥ ነው። ጉሊት ላይ የሚጨመረውን ቃሪያና ከአባት አፍ የሚወጣውን ቡራኬ በአንድ ቃል የጠሩ ሰዎች፣ በገበያና በቤተ መቅደስ መካከል እኛ ዛሬ የምንገምተውን ያህል ርቀት አላዩም ማለት ነው።

ከዚህ ቃል ተነሥቼ ልመረምረው የምሻው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሰው በጓሮው ቈፍሮ፣ ዘርቶ፣ አጠጥቶና አርሞ የሚለቅመው ፍሬ የድካሙ ዋጋ ነውን ወይስ ጸጋ? ዋጋ ከሆነ ማንንም ሊያመሰግን አይገደድም፤ ሠራተኛ ደመወዙን ሲቀበል ዕዳ ተከፈለው እንጂ ስጦታ አልተሰጠውምና። ጸጋ ከሆነ ደግሞ ስለ ምን ይደክማል? ዝናሙን የሚያዘንብ አምላክ ጎመኑንም ያለ ቈፋሪ ሊያበቅለው ይችላልና። ይህ ስለ ምግባርና ስለ ጸጋ በሊቃውንት መካከል ሲነሣ የኖረ ታላቅ ጥያቄ ነው፤ እኔ ግን መልሱን ይበልጡን የተማርሁት ከመጻሕፍት ፊት ተቀምጬ ሳይሆን ከጎመን መደብ አጠገብ ተንበርክኬ ነው።

ከቤቴ ጀርባ ያለው መሬት ርዝመቱ ዐሥር፣ ወርዱም ስድስት ርምጃ የማይሞላ ነው። ግንቦት ሊያልቅ ሲል የበሰለውን ፍግ ከአፈሩ ጋር አዋሕጄ መደብ አበጃለሁ፤ ሰኔ ሲጠባ ያፈላሁትን የጎመንና የቆስጣ ችግኝ አዛውራለሁ፤ በዳርቻው በሶብላ፣ ጤና አዳምና ኮሰረት፣ በአጥሩ ሥር ደግሞ ዱባ አለ። ከዚያ በኋላ መኰትኰት ነው፣ ማረም ነው፣ ቅጠሉን እየገለበጡ የተጣበቀበትን ክሽክሽ በአመድ ማባረር ነው። ይህን የምዘረዝረው ድካሜን ለማስቈጠር ሳይሆን የድካሜን ወሰን ለማሳየት ነው። አፈሩን አለሰለስሁት እንጂ አልፈጠርሁትም፤ ዘሩን ቀበርሁት እንጂ ሥሩን ወደ ታች፣ ቅጠሉን ወደ ላይ እንዲልክ ያስተማርሁት እኔ አይደለሁም። ሌሊት እኔ ተኝቼ ሳለሁ ያድጋል፤ ቀን ቆሜ ስጠብቀው ግን ማደጉን ዐይኔ አያየውም።

አንድ ክረምት፣ በሐምሌ አጋማሽ፣ ሩብ ሰዓት እንኳ ያልቈየ በረዶ ወርዶ የጎመኑን ቅጠል እንደ ወንፊት በሳሳው። የዚያ ዓመት ድካሜ ከሌላው ዓመት አላነሰም ነበር። ፍሬ የድካም ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደመወዜ ተከልክሏልና እከስስ ነበር፤ ነገር ግን ማንን እከስሳለሁ? ዝም ብዬ መደቡን ተውሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ብመለስ የተመታው ግንድ በየአንጓው አዲስ ቅጠል አውጥቶ አገኘሁት። ያን ለጋ ቅጠል ስቀነጥስ አንድ ነገር ልቤን ነካው፤ ለዚህ ቅጠል አንዲት ቀን እንኳ አልቈፈርሁለትም ነበርና። ዋጋዬን በበረዶው ያጣሁ መስሎኝ ሳዝን ምራቂውን በእጄ ይዤ ነበር።

የአበሻ ጎመን ራሱ ከሥር መሠረቱ ምራቂ ነው ማለት ይቻላል። የዕፀዋት ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት ይህ ጎመን የሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን የሆኑ ሁለት ዕፀዋት ተዳቅለው የተገኘ ሲሆን፣ መገኛውም የአገራችን ደጋ እንደ ሆነ ይታመናል። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው የሩስያ ሊቅም በ1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ጐብኝቶ ከዓለም የሰብል መገኛ ሥፍራዎች እንደ አንዷ ቈጥሯታል። የመጀመሪያይቱን የጎመን ዘር በጓሮው ያገኘው ሰው ስሙ አልተጻፈም፤ ቅጠሉ ግን ወጥ፣ ዘሩም የምጣድ ማሰሻ ሆኖ ከእርሱ ወደ እኛ ደርሷል። እንግዲህ አንድ እስር ጎመን በእጁ የያዘ ሰው፣ እርሱ ካልደከመበት ከብዙ ዘመን ድካም፣ ማንም ደክሞ ካላመጣውም ከተፈጥሮ ስጦታ የተሰበሰበ ነገር ይዟል።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያስ ድካም ከንቱ ነው» ብሎ እንዳይደመድም እሰጋለሁ። ኦሪት ዘፍጥረት እንደሚያስተምረን አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያለማትና ሊጠብቃት ነው፤ ይህም የሆነው ገና ሳይበድል ነው። በበደሉ ምክንያት የመጣበት እሾህና ወዝ እንጂ ሥራ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የተካዩንና የአጠጪውን ድርሻ ከአሳዳጊው ከእግዚአብሔር ሥራ ለየ እንጂ፣ ተካይ አይትከል፣ አጠጪም አያጠጣ አላለም። እኔ እንደሚመስለኝ የሰው ድካም ወደ ገበያ እንደሚወሰድ ዘንቢል ነው። ዘንቢል ምራቂን አይፈጥርም፣ አይገዛምም፤ ነገር ግን ዘንቢል ሳይዝ የሄደ ሰው ቢመረቅለትም የሚቀበልበት የለውም። እንዲሁም ያልቈፈረ ሰው ዝናሙ እኩል ይዘንብለታል፤ የሚበቅልለት ግን አረም ነው።

የዘንቢሉን ባለቤትነት የምራቂው ባለቤትነት ያደረገ ሰው ምን እንደሚደርስበት መጽሐፈ ነገሥት በአክዓብ ታሪክ ያሳየናል። አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ የተመኘው ግንብ ሊሠራበት ወይም ጦር ሊያሰፍርበት አልነበረም፤ ለቤቱ ቅርብ ስለ ሆነ የአትክልት ቦታ ሊያደርገው ነበር። በግፍ የፈሰሰው የናቡቴ ደም መነሻ የጓሮ አትክልት ምኞት መሆኑን ሳስብ እደነግጣለሁ። አትክልት መውደድ በራሱ ጽድቅ አይደለም፤ ሁሉ የእኔ ይሁን የሚል ልብ ካለ ጓሮም የቅሚያ ሥፍራ ይሆናል። በአንጻሩ ነቢዩ ዮናስ በአንዲት ሌሊት በቅላ ስለ ደረቀችው ቅል እስከ ሞት አዝኖ ሳለ፣ እግዚአብሔር የገሠጸው ባልደከመባት ቅል አሳብቦ ነው። አክዓብ ያልተሰጠውን የራሱ ሊያደርግ ወደደ፤ ዮናስም የተሰጠውን እንደ ተገባው ቈጥሮ ተቈጣ። ሁለቱም ዋጋን ከጸጋ መለየት ተሳናቸው።

ሌላም የሚያስጨንቅ ነገር አለ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በፍልሰታ 15 ቀን፣ በየረቡዑና በየዓርቡም ከሥጋና ከወተት በሚከለከል ሕዝብ መካከል፣ ስለ ትኩስ ቅጠልና ስለ ጣፋጭ ቲማቲም በደስታ መጻፍ ይገባልን? እኔ ይገባል እላለሁ፤ ነገር ግን በልክ። ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅ በባቢሎን የንጉሡን ማዕድ ትተው ዐሥር ቀን አትክልት በልተውና ውኃ ጠጥተው ፊታቸው አምሮ ተገኝቷል፤ እስራኤል ግን በምድረ በዳ ሳሉ የግብጽን ዱባና ሽንኩርት አስበው አልቅሰዋል፣ መናውንም ንቀዋል። ሁለቱም የተመኙት አትክልት ነበር፤ የለያቸው ገበታው ሳይሆን ልባቸው ነው። ጾም የምግብን ደስታ ለማጥፋት የተሠራ ቢሆን ኖሮ ቤተ ክርስቲያን ስለ ዝናም፣ ስለ ምድር ፍሬና ስለ ወንዞች ውኃ ባልጸለየች፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውንም ጊዜ ዘመነ ጽጌ ብላ ስለ አበባና ስለ ፍሬ ባልዘመረች ነበር። ጾም ዐይናችንን ከትልቁ ማዕድ ወደ ትንሿ ቅጠል መልሶ ጣዕሟን ያስተምረናል። ሕዝባችንም «ጎመን በጤና» ሲል ድህነትን ማወደሱ አይደለም፤ በሰላም የተበላች ቅጠል በጭንቀት ከተበላ ሥጋ እንደምትበልጥ መፍረዱ ነው።

ጓሮ ያለው ሰው ገበያ ሲወጣ ዐይኑ ይለወጣል። አንድ እስር ጎመን ስንት ወር እንደሚፈጅ ያወቀ ሰው፣ ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ከመቂና ከባቱ በሌሊት ተጭኖ እስኪመጣ ድረስ ስንት ጀርባ እንደ ጐበጠበት ይረዳል። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ በገባ ጊዜ የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ በተዛወረበት ወራት፣ ከተማው ማዕዱን የሚያገኘው በእነማን ትከሻ እንደ ሆነ ብዙዎቻችን አይተናል። እንግዲህ የሻጪቱን ዋጋ እስከ መጨረሻይቱ ሳንቲም አስቀንሶ፣ ደግሞም ምራቂ የሚለምን ሰው የቃሉን ትርጕም ያፈርሳል። ምራቂ የሚገኘው እውነተኛው ዋጋ ከተከፈለ በኋላ ነው፤ የድካምን ዋጋ የቀማ እጅ ምርቃትን ሊቀበል አይችልም። ፍትሕ ትቀድማለች፣ ቸርነትም ትከተላለች።

በጣና ዳር በዘጌ ባሕረ ገብ ምድር የሚኖሩ ሰዎች ድካምና ስጦታ አብረው እንደሚሄዱ በኑሮ ያሳዩ ይመስለኛል። በዚያ የሚነገረው ትውፊት፣ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሦስት ከፍለው ቢተክሉ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ እንደ በቀለላቸው ይተርካል፤ ስለዚህም ሕዝቡ ምድሩን በበሬ ማረስን ትቶ ከዛፎቹ ፍሬ ሲኖር፣ ደኑም እስካሁን ቆሟል። ዛፉን የሚንከባከቡት ሰዎች ደክመው ይለቅማሉ፣ ሸጠውም ይኖራሉ፤ ሆኖም የመጀመሪያውን ተክል ከሌላ እጅ እንደ ተቀበሉ አልዘነጉም። ሀብት የምንለው ቃል ራሱ በግእዝ ወሀበ፣ ማለት ሰጠ፣ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ጥንተ ትርጕሙ ስጦታ ነው። እኛ ግን ቃሉን ይዘን ትርጕሙን ጥለን፣ ሀብታም ማለት ብዙ የተሰጠው መሆኑን ረስተን፣ ብዙ የያዘው ብቻ አድርገነዋል።

የተሰጠ ነገር ደግሞ መስጠትን ያስታውሳል። ኦሪት አጫጁ የእርሻውን ዳርቻ ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው ያዘዘችው፣ ሩትም በቦዔዝ እርሻ የቃረመችው በዚሁ ሥርዓት ነው። የእኔን ያህል ጓሮ ላለው ሰው ሕጉ በአጥሩ ላይ ይፈጸማል። የዱባዬ ሐረግ አንድ ዓመት አጥሩን ተሻግሮ በጎረቤቴ ግቢ አፈራ፤ እኒህ እናትም ጠርተውኝ «ልጄ፣ ዱባህን ውሰድ» አሉኝ። ሥሩ በእኔ መሬት፣ ፍሬው በእርሳቸው መሬት ነበር፤ ያጠጣሁት እኔ ነኝ፣ ያረፈው ግን በእርሳቸው አፈር ላይ ነው። የማን ነው ብለን ብንከራከር ሁለታችንም ማስረጃ ነበረን። እርሳቸው ግን ዱባውን ከሁለት ሰንጥቀው ግማሹን ሰጡኝ፤ «እግዜር ይባርክልህ» ብለውም መረቁኝ። ያን ቀን የተማርሁትን ከዚያ በፊት ያነበብሁት ሁሉ እንዲህ አላስረዳኝም፦ የጓሮዬ ፍሬ ዋጋም ነው፣ ምራቂም ነው፤ ዋጋውን ልበላው ይገባኛል፣ ምራቂው ግን በእኔ በኩል ሊያልፍ እንጂ በእኔ ዘንድ ሊቀር አልተሰጠኝም።

በትንሣኤ ማለዳ መግደላዊት ማርያም ጌታን ባየችው ጊዜ የአትክልት ጠባቂ መስሏት እንደ ነበር ወንጌላዊው ዮሐንስ ጽፎልናል። ስታውቀው ስሕተቷ ተገልጧል፤ እኔ ግን በጓሮዬ ጐንበስ ባልሁ ቍጥር ይህን አስባለሁ። የመጀመሪያው ሰው በገነት አትክልት ጠባቂ ነበረ፣ አዲሱም ሕይወት የተበሠረው በአትክልት ቦታ ነው፤ ስለዚህ እጁ በአፈር የተበከለ ሰው ከከበረ ሥራ ላይ እንዳለ ይወቅ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ጓሮ ካለህ ዛሬ አንድ መደብ ቈፍር፤ ጓሮ ባይኖርህ በአሮጌ ቆርቆሮ በሶብላ ትከል። ገበያ ስትወጣ ለደከመው ዋጋውን ሳታጐድል ክፈል። ጎመንህ በደረሰ ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያይቱን እስር ለራስህ ከማብሰልህ በፊት በአጥሩ ላይ ለጎረቤትህ አሻግር፤ የተመረቀልህን የምትመርቅበት ቀን እርሱ ነውና።