ማረሻውና ሠሪው

አጉል እምነት ከድንቁርና ብቻ የሚወለድ፣ ትምህርት ሲስፋፋም እንደ ጉም በንኖ የሚጠፋ ነገር ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ አስተያየት የእውነቱ ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ለማግኘት እምነቱ ማንን እንደሚጠቅምና ማንን እንደሚጎዳ መመርመር ያስፈልጋል።

በባሌ ደጋ፣ በሮቤ፣ በጎባና በሲናና ዙሪያ በተዘረጋው ሜዳ፣ ገበሬው ጋናና ቦና ብሎ በሚጠራቸው ሁለት ወቅቶች ስንዴና ገብስ ያመርታል። ዛሬ ትራክተርና ኮምባይነር በሜዳው ላይ ቢታዩም፣ የገበሬው ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ለዘመናት የወጡት ከቀጥቃጩ፣ በአካባቢው አጠራር ከቱምቱው፣ ወናፍና መዶሻ ነው። ይሁን እንጂ በባሌም ሆነ በሌሎች የአገራችን ክፍሎች ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ሰው ተንቆ ኖሯል። በብዙ ስፍራም «ቡዳ ነው፤ በዓይኑ ይበላል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ተብሎበታል። በጎንደር የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ይህን ስም ለረጅም ዘመን ተሸክመዋል።

እዚህ ላይ ግልጽ ቅራኔ ይታያል። ማረሻው እህል ሲያስገኝ በረከት ነው፤ የሠራው እጅ ግን መርገም ይባላል። የቡዳ ወሬ ይህን ቅራኔ ይሸፍናል፤ የሚፈራ ሰው መሬት ቢነፈግ፣ ከማዕድ ቢገለል፣ የድካሙ ዋጋ ቢቀነስ የሚያዝንለት አይገኝምና። ስለዚህ ፍርሃቱ የንቀቱ ምክንያት ሳይሆን ማመካኛው ነው።

ጉዳቱም በቀጥቃጩ ላይ ብቻ አይቆምም። ሕፃን በተቅማጥ ሲዳከም «ተበላ» የሚል ቤተሰብ የሚመረምረው የሚጠጣውን ውኃ ሳይሆን የጎረቤቱን ዓይን ነው። ሐሰተኛው ምክንያት እውነተኛውን ይከልላል። የሚሰደብበትን ሙያስ ለልጁ ማውረስ የሚሻ አባት ስንት ነው?

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። የ1967ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅም ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት ሲፈቅድ ለባለሙያው በር ከፍቷል። በጃፓንም ቆዳ ፋቂዎችንና መሰሎቻቸውን ያዋረደው ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1871 በሕግ ተሰርዟል። በሁለቱም አገሮች ግን ንቀቱ ከሕጉ በኋላ ኖሯል። ሕግ አፍን ሊገታ፣ መሬት ሊያካፍል ይችላል፤ እንጀራ በአንድ መሶብ ሊያስቆርስ ግን አይችልም።

ይህ ሲባል የአባቶችን እምነት ሁሉ በጅምላ መወርወር ተገቢ ነው ማለት አይደለም። ሽማግሌዎች በጥላው ሥር የሚሸመግሉበት አሮጌ ዛፍ በመከበሩ የሚጎዳ የለም፤ እንዲያውም ክብሩ ዛፉን ከመጥረቢያ ይጠብቀዋል። መለኪያው የእምነቱ ጥንታዊነት ሳይሆን ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ነው።

ስለሆነም መምህሩ የበሽታን መንስኤ ማስተማሩ፣ ካድሬው ስለ እኩልነት መናገሩ፣ ሠዓሊው ወናፍና መዶሻን በክብር መሣሉ መልካም ነው። ይሁንና ከጅቡ ተረት ነጻ ወጥቻለሁ የሚል የተማረ ሰው የሚፈተነው በጥቁር ሰሌዳ ፊት ወይም በመድረክ ላይ አይደለም። የቀጥቃጩ ልጅ ሴት ልጁን ለማግባት ሽማግሌ የላከ ዕለት ነው።